ራስጌ ወይስ ግርጌ

ሱቄ ውስጥ ሁለት የተማሩ ሰዎች ስለ አራት መስመር ጽሑፍ ሦስት ወር ሙሉ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። መስመሮቹ ምን ይበሉ በሚለው ላይ ጸብ የለም፤ በእሱ ከተስማሙ ቆይተዋል። ጭቅጭቁ የት ይቀመጡ የሚለው ነው። እሷ ከራስጌ ትላለች፣ እሱ ከግርጌ። እኔ ሽሮ እየመዘንኩ እሰማለሁ።

መጀመሪያ ላይ እንደ ነጻ ቴአትር ነበር የያዝኩት። እየቆየ ግን ይከብደኝ ጀመር። ከሦስታችን ውስጥ ክርክሩ በእርግጥ ስለ ምን እንደሆነ የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነበርን፤ እሱ ደግሞ ለማንም እንዳልተነፍስ ቃል አስገብቶኛል።

ሱቁ ሀርጌሳ ውስጥ፣ 31 ሜይ የሚባለው ሰፈር ነው። ከፊት በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምስርና ኮረሪማ እሸጣለሁ። ከኋላ አንዲት ክፍል አለችኝ፤ ጠረጴዛ፣ ሁለት አሮጌ ኮምፒውተር፣ ማተሚያና ኢንተርኔት አስገብቼባታለሁ። እዚህ የሚኖር ሐበሻ የማያልቅ የወረቀት ጣጣ አለበት፤ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የኪራይ ውል፣ የልጆች ትምህርት ቤት ማመልከቻ። ሽሮ ሊገዛ የመጣ ወረቀት ያሳትማል፣ ወረቀት ሊያሳትም የመጣ ሽሮ ይዞ ይሄዳል። ሁለቱ ሥራዎች ተዋደው ይኖራሉ፣ ወረቀቱ በርበሬ በርበሬ ከመሽተቱ በቀር።

ሰውየው ሃምሳዎቹን አጋምሷል። አየር ማረፊያው ጋ ለአንድ አየር መንገድ ቢሮ ዓመታት ሠርቷል። እዚያ አውሮፕላን መጥቶ እስኪሄድ ግርግር ነው፤ ሌላው እስኪመጣ ደግሞ ዝንብ ማባረር ነው። እሱ ዝንቡን ትቶ ፕሮግራም መጻፍ ራሱን አስተማረ። እኔ «ኢንጂነር» እለዋለሁ፣ ምህንድስና ስላልተማረ። እሱ «ሐጂ» ይለኛል፣ መካ ስላልሄድኩ። በዚህ ተቻችለናል።

እሷ ገና ሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ናት። አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት፤ ቢሮዋ እንደ ፍሪጅ ይቀዘቅዛል፣ ወንበሩ ይሽከረከራል። ያንን ሁሉ ትታ ሐሙስ ከሰዓትና ቅዳሜ እኔ ጋ መጥታ የምስር ጆንያ ላይ ትቀመጣለች። እሱን «ጋሼ» ትለዋለች፣ «አንተ» እያለች፣ እንደ ታላቅ ወንድም። እኔን «አባ ሽሮ» ነው የምትለኝ። አባቷ እንኳ እንዲህ አልቀለለም መሰለኝ።

ሁለቱ የሚሠሩት ኤዲተር ነው። ኤዲተር ማለት ጽሑፍ የሚጻፍበት ፕሮግራም ነው፤ የእነሱ ደግሞ አማርኛ ለሚጽፍ ሰው፣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሳያለከልክ እንዲሄድ የታሰበ። በነጻ ይሰጡታል። እኔ በነጻ የሚሰጥ ነገር አላምንም፣ ግን ጆንያዎቼ ላይ የሚሰፋውን ምልክት የማትመው በእሱ ነው። ጅግጅጋ፣ ድሬዳዋና አዲስ አበባ ያሉ ጥቂት ሰዎችም ያግዟቸዋል፤ አንድ ቁራጭ በስልክ ይላክላቸዋል፣ አስተካክለው ይመልሳሉ።

ፕሮግራም አንድ ረጅም ጽሑፍ ይመስለኝ ነበር። ለካ ብዙ ቁርጥራጭ ነው፤ እያንዳንዱን ፋይል ይሉታል። በየፋይሉ ውስጥ ከሥራው ጋር የማይገናኙ አራት መስመሮች አሉ። እነሱ የሚያናግሩት ኤዲተሩን ነው፦ ይህን ፋይል ስትከፍት ኪቦርዱን አማርኛ አድርገው፣ የመስመሩ መግቢያ ክፍተት ይህን ያህል ይሁን፣ መስመሩ ሲረዝም እዚህ ላይ ስበረው። ኤዲተሩን የሚጽፉት ደግሞ በራሱ በኤዲተሩ ነው፤ ፀጉር አስተካካይ የራሱን ፀጉር እንደሚቆርጥ። ለዚህ ነው ነገሩ ቶሎ የሚበላሸው፣ ቶሎም የሚያጣላው።

«ጋሼ፣ ሰው ቤት ስትገባ ጫማህን አውልቅ የሚሉህ በር ላይ ነው ወይስ በልተህ ስትወጣ?» ትለዋለች።

«ኤዲተሩ ሰው አይደለም። ከበሩም ከጓሮውም እኩል ያነባል።»

«እኩል ከሆነ ታዲያ አንተን ምን አንገበገበህ?»

«ራስጌ ላይ የጻፈው ሰው ስም ነው መኖር ያለበት።»

«ስምህን ማን ከለከለህ? ከሥሩ ይሁን።»

«ደግሞ ያስጠላል። ፋይል ስትከፍቺ መጀመሪያ የምታዪው ሥራውን መሆን አለበት።»

«እኔ መጀመሪያ የማየው አንተ ስትጨቃጨቅ ነው፤ ለምጄዋለሁ።»

«የድሮዎቹም ከታች ነበር የሚያደርጉት።»

ይኸው ሦስት ምክንያት። እኔ የተማርኩት ገበያ ውስጥ ነው፤ ለአንድ ነገር ሦስት ምክንያት የሚደረድር ሰው ካጋጠመኝ አራተኛውን እጠብቃለሁ። እሷ ትምህርት ቤት ስለተማረች ሦስቱን አንድ በአንድ አፈረሰችና አሸነፍኩ ብላ ወደ ቤቷ ሄደች። በሚቀጥለው ሐሙስ ግን እሱ እንዳለ አለ።

አንድ ቀን መሃል መንገድ ለመያዝ ሞከረ። «እሺ፣ ከላይም አይሁን ከታችም አይሁን። ፎልደሩ ውስጥ አንድ የመመሪያ ፋይል እናስቀምጥ፤ ለሁሉም እሱ ይበቃል።»

«ፋይሉ ለብቻው ድሬዳዋ ሲላክስ? መመሪያው እዚህ ቀረ፣ ፋይሉ እዚያ ሄደ። ያለ ፓስፖርት ድንበር አሻገርከው ማለት ነው።»

ሱቄ ውስጥ ይህ የማይገባው ሰው የለም። ወረቀት ሊያሳትም ቆሞ የነበረው ደንበኛ እንኳ ራሱን ነቀነቀ።

አራተኛው ምክንያት ይህ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ኢንጂነር መጥቶ ትንሽ የመድኃኒት ካርቶን አስያዘኝና «ምን ይላል?» አለኝ። የዓይን ጠብታ ነው። ፊደሉ ደቃቅ ቢሆንም እኔ በዚህ ዕድሜዬ አነበብኩት። ካርቶኑን ተቀብሎ ኪሱ ከተተና «ነገ አብረኸኝ ትሄዳለህ? ሱማልኛዬ ለሐኪም አይበቃም» አለ።

አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ያለ ሐኪም ጋ ሄድን። ሐኪሙ ጥሩ ሰው ነው፣ አይቸኩልም። የዓይን ግፊት ነው አለ። የሚያየው ነገር ከዳር ወደ መሃል እየጠበበ ነው፤ ጠብታው ያለውን ያቆይለት ይሆናል፣ የሄደው ግን አይመለስም። እኔ እየተረጎምኩ የመጨረሻዋን ዋጥኳት።

«ያስቀረሃትንም ተርጉማት» አለኝ።

ተረጎምኳት።

በታክሲ ስንመለስ ስለ አየር መንገዱ ቢሮ አወራኝ። ከሥራ የወጣው በራሱ ፈቃድ ይመስለኝ ነበር። የዕቃ ቁጥር ላይ ስምንትን ሦስት እያለ መጻፍ ጀምሮ ነበር። ማንም አልተቆጣውም። ምሳ ጋበዙት፤ ጋሼ፣ እርስዎ ብዙ ለፍተዋል፣ አሁን ይረፉ አሉት። የግድግዳ ሰዓት ሸለሙት።

«ትልቅ ሰዓት ነው» አለኝ። «ቁጥሮቹም ትልልቅ ናቸው። አልጋዬ ላይ ሆኜ አይታየኝም።»

መስኮቴን ዝቅ አደረግኩ።

«ቢቆጡኝ እኮ መልስ ነበረኝ፣ ሐጂ። ሲያከብሩህ ምን ትመልሳለህ? አንገትህን ደፍተህ ምሳህን መብላት ብቻ።» ትንሽ ሄድንና ጨመረ፦ «እሷም ካወቀች ታሳርፈኛለች። ጥሩ ልጅ ናት። ለዚያ ነው የምፈራት።»

ከዚያ በኋላ ነው ጆሮው ላይ የሚሰካት ማዳመጫ ለምን እንደሆነች ያሳየኝ። ልጅቷ ዜና የሚሰማባት ይመስላታል፤ «ግማሽ ጆሮህን ለኔ፣ ግማሹን ለዓለም ሰጥተህ» እያለች ትቀልድበታለች። ዜና አልነበረም። ኮምፒውተሩ ፊቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ እያነበበ በጆሮው ያስገባለታል። አንድ ቀን ጆሮዬ ላይ ሰክቶ አሰማኝ። አማርኛ ነው፣ ግን አፍንጫ በሌለበት አገር የሚነገር አማርኛ። አንድ ፋይል ከፈተ። ድምፁ ጀመረ፦ ሰረዝ፣ ሰረዝ፣ ኮከብ፣ ሰረዝ፣ ኮከብ፣ ሰረዝ፣ ከዚያ የእንግሊዝኛ ቃል፣ ሁለት ነጥብ፣ እኩል ይሆናል፣ አራት፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ኮከብ። ሥራው እስኪጀመር ለአንድ ሰው ኪሎ ምስር መዝኜ እጨርስ ነበር።

«ዝለለዋ» አልኩት።

«ርዝመቱ በየፋይሉ ይለያያል። ስዘል መሃል ላይ እወድቃለሁ፤ የማን ቤት ውስጥ እንዳለሁ አላውቅም። ተመልሼ ከኮከቡ እጀምራለሁ። ይህን በቀን ስንቴ የማደርገው ይመስልሃል?»

መስመሮቹ ግርጌ ቢሆኑ ፋይሉን ሲከፍት መጀመሪያ የሚሰማው ሥራውን ይሆናል። ክርክሩ ይኸው ነበር። ዐሥር ቃል የሚጨርሰውን ነገር ሦስት ወር አከረመው፤ ዐሥሩን ቃል ከሚናገር መስመሩን ቢውጥ ይመርጣል።

እኔ የማደርገው ጥቂት ነበር። ወደ ኋላ ክፍል በሚያስገባው መተላለፊያ ጆንያ ማስቀመጥ አቆምኩ። የሻይ ብርጭቆውን ሁልጊዜ በቀኝ በኩል፣ ከጠረጴዛው ጠርዝ አንድ ስንዝር ላይ አኖራለሁ። እሱ አየሁህ አላለኝም፣ ማለት አይችልምም። አንዴ ግን አዲሱ ሠራተኛዬ በግራ በኩል ሲያስቀምጥለት በቀኝ እጁ አየሩን ዳሰሰና «ሐጂ ዛሬ የለም እንዴ?» አለ።

አንድ ቅዳሜ ጭቅጭቁ ከረረ። እሷ «ጋሼ፣ ግትር ሆነሃል፤ በቃ ሌሎቹን እንጠይቅና በድምፅ ብልጫ ይወሰን» አለችው። እሱ ፊቱ ጠቆረ። ሌሎቹ ሁሉ ከራስጌ እንደሚሉ ያውቃል። እኔ መዳፌ ላይ ያለውን ሽሮ አራገፍኩና ገባሁበት።

«እኔም ልናገር?»

«ተናገር አባ ሽሮ፣ አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው።»

«ከድንበሩ፣ ከወጃሌ፣ በጭነት መኪና የሚመጣልኝ ጆንያ አለ። ድሮ ምልክቱን አፉ ላይ ነበር የሚያስሩልኝ። አፉ ላይ ሲታሰር ለሚያስረው ሰው ያመቻል፤ ጨርሶ እጁን ሲያራግፍ ፊቱ ላይ ነው። ጆንያው ግን መኪና ላይ ሲደረደር አፉ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ቂጡ ወደ ውጪ ይቀራል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ የማየው ቂጥ ብቻ ነው። በርበሬውን ከምስሩ ለመለየት ሁሉንም ማውረድ ነበረብኝ። አሁን ምልክቱ ቂጡ ላይ ነው የሚሰፋው። የሚያስረው ሰው ያጉረመርማል። ያጉርምርም፤ የሚያወርደው እኔ ነኝ።»

ሳቀች። «ፋይል ግን አይደረደርም።»

«አላውቅም። እኔ የምለው ምልክት የት ይደረግ ከማለትሽ በፊት ማን በየት በኩል ነው የሚመጣው ብለሽ ጠይቂ ነው።»

እሱ ጭንቅላቱን ወደኔ አዞረ። ብዙ ተናገርኩ ብዬ ፈራሁ። እሷ ግን ስለ ጆንያ ቂጥ ስትስቅ ልቧ ራራ መሰለኝ፣ «እሺ» አለች። «አንድ ሳምንት። ሁሉንም ወደ ግርጌ አውርደው። ምንም ካልተበላሸ እዚያው ይቀመጣል፣ እኔም አልናገርም። ከተበላሸ ደግሞ ከራስጌ፣ አንተም አትናገርም።»

እጅ ተጨባበጡ። እኔ መሃል ሆኜ ምስክር ሆንኩ።

ያን ሳምንት እንደዚያ ሲሠራ አይቼው አላውቅም። ጠዋት ሱቁን ሳልከፍት በር ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ። አንድ በአንድ እየከፈተ፣ አራቱን መስመር ከላይ ቆርጦ ከታች ይለጥፋል። እነዚህ ሰዎች ደግሞ አንድ የሚኮሩበት ደንብ አላቸው፦ ማንኛውም መመሪያ ከሥሩ በአማርኛ ይብራራል፣ ተማሪ ሲያየው እንዲገባው። እሱም ደስ ስላለው ነው መሰለኝ በየፋይሉ ግርጌ፣ ከአራቱ መስመር ቀጥሎ፣ ማብራሪያውን አንቆረቆረው። ረቡዕ ጨረሰ። ሻዩን ሁለት ጊዜ አስደገመ።

ሐሙስ ከሰዓት እሷ መጣች፣ ጆንያዋ ላይ ተቀመጠች፣ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ ፋይሎቹን መክፈት ጀመረች። እሱ ከጠረጴዛው ጋር ተቀምጦ እግሩን ያወዛውዛል፤ ፈተናውን አጥብቆ እንደሠራ ልጅ። እሷ አንዱን ከፈተች፣ ዘጋች። ሌላውን። ከዚያ ቀና አለች።

«ጋሼ፣ ና እስቲ ይሄን እየው።»

«ምኑን?»

«መስመሮቹን። አንዱ እዚህ ይገባል፣ ሌላው እዚያ ይወጣል። ሰካራም ያረሰው ይመስላል። አሥራ አንድ ፋይል ነው እንዲህ የሆነው። መመሪያው ግርጌ አለ፣ ኤዲተሩ ግን ጭራሽ አላነበበውም። በራሱ ክፍተት ነው ያስቀመጠው።»

ከወንበሩ አልተነሳም። «ፕሮግራሙ ይሠራል አይደል?»

«መሥራቱንማ ይሠራል። መልኩ ነው የተበላሸው። እንዴት አላየኸውም ነው የምልህ። ከሩቅ ያስታውቃል እኮ።»

መልኩ። በጆሮ የሚሠራ ሰው የመስመር መግባትና መውጣት አይሰማውም፤ ድምፁ ሁሉንም በአንድ ልክ ነው የሚያነበው። ይህን ያኔ እኔ እንኳ ገባኝ። የእግሩ መወዛወዝ ቆመ።

«እኔ ነኝ ተወው ያልኩት» አልኩ።

ሁለቱም ወደኔ ዞሩ።

«ምኑን?» አለችኝ።

«ያንን... ታቡን።»

«ታብ ምንድን ነው አባ ሽሮ?»

ስነግድ ብዙ ዋሽቻለሁ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፤ ግን ሁልጊዜ ስለማውቀው ዕቃ ነበር። ታብ ደግሞ ከአፋቸው የለቀምኳት ቃል ናት።

«ተወው ሐጂ» አለ እሱ። ከዚያ ወደ እሷ፣ ትንሽ ወደ ግራዋ ባለው ግድግዳ ላይ እያፈጠጠ፦ «አላየሁትም። አላይማ። መሃል ላይ የሳንቲም ያህል ቀርታኛለች፣ በእሷ የማየው አንድ ሁለት ፊደል ነው።»

የዐስር ሶላት አዛን ጀመረ። ሌላ ቀን ቢሆን መስጊድ እሄዳለሁ። ያን ቀን ግን ሚዛኑ አጠገብ ቆየሁ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሳላውቅሽም ትንሽ ትንሽ ነበር። የባሰው ካቻምና ነው፣ አምና ቁርጡን ነገሩኝ።»

«ጆሮህ ላይ ያለው ዜና አይደለም።»

«ዜና ቢሆን ምንኛ ደስ ባለኝ።»

ላፕቶፗን ዘጋች፣ መልሳ ከፈተች። ፊቷ ቀልቷል። ታለቅሳለች ብዬ ፈራሁ፤ ከዚያ የባሰ ደግሞ እሱ የሚፈራውን ነገር ትናገራለች ብዬ። «ሦስት ወር» አለች ቀስ ብላ። «ሦስት ወር ሙሉ በር ላይ ይጻፍ፣ በር ላይ ይጻፍ እያልኩ ስጮህብህ፣ በየበሩ የምትደናቀፈው አንተ ነበርክ። እኔን ምን አደረግኸኝ ማለት ነው? ክፉ ሰው አደረግኸኝ እኮ።»

«ሳታውቂ ነው የተከራከርሽው። እኔ ነኝ ያላሳወቅኩሽ።»

«ለምን?»

«ታሳርፊኛለሽ ብዬ።»

«ማሳረፍ?» ከጆንያው ላይ ተነስታ ቆመች። «አንተን አሳርፌ ይሄን ቆሻሻ ማን ሊያጸዳልኝ? አባ ሽሮ? ታብ ምን እንደሆነ እንኳ አያውቅም።»

የተሰደብኩት እኔ ነኝ፤ ደስ ያለኝም እኔ ነኝ። እሱ ትከሻው ሲወርድ አየሁ።

«አምጣት» አለችው፣ እጇን ዘርግታ። ማዳመጫዋን ከጆሮው ነቅሎ ሰጣት። ለራስዋ ሰካች፣ ወንበሩን አዙራ ፊቷን ወደ በርበሬው አድርጋ ተቀመጠችና «ከድሮዎቹ ክፈትልኝ፣ ከላይ ካለባቸው» አለች። እሱ ከፈተላት። ሌላ። ሌላ። ድምፁ አይሰማኝም ነበር፤ ማጅራቷን ብቻ ነው የማየው። በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ላይ ነቀለችው።

«ይሄ ሰውየ እንዲህ ኮከብ ኮከብ ሲልብህ ነው የሚውለው?»

«ቀኑን ሙሉ።»

«እኔ ብሆን በሁለተኛው ቀን ኮምፒውተሩን አባ ሽሮ ላይ እወረውረው ነበር።» መልሳ ላፕቶፗ ላይ አጎነበሰች። «አሁን እነዚህ አሥራ አንዱ ለምን እንዳልተነበቡ እንፈልግ። ሌሎቹ ግርጌ ሆነው በትክክል ተነብበዋል።»

ለማግኘት ብዙ አልፈጀባትም፣ ያገኘችውን ለመናገር ግን ፈጀባት። ኤዲተሩ መመሪያ ፍለጋ ፋይሉን ሁሉ አያነብም፤ ከጫፉ ተነስቶ ወደ ኋላ የተወሰነ ርቀት ሄዶ ካላገኘ ይተወዋል። ያንን ርቀት የወሰነችው እሷ ናት፣ ድሮ፣ ማብራሪያው ሁሉ ገና በእንግሊዝኛ ሳለ። የለካችውም በፊደል ብዛት ሳይሆን ፊደሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ በሚይዘው ቦታ ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ቦታ ይይዛል፣ የኛ ፊደል ሦስት። እሱ ደግሞ ደስ ብሎት በአሥራ አንዱ ግርጌ የአማርኛ ማብራሪያውን አስረዘመ። ማብራሪያው ርቀቱን በልቶ ጨረሰውና መመሪያው ከኋላው ተደብቆ ቀረ።

«ለአማርኛ ብለን ሠርተን» አለች፣ «አማርኛን ሳንመዝን።»

«ሦስት እጥፍ» አለ እሱ። «ይሄን እኔም ማሰብ ነበረብኝ።»

«አንተማ ማሰብ ነበረብህ። ደግሞ ይሄ ማብራሪያ ነው? ይሄ ስብከት ነው ጋሼ። የመስመር ክፍተት ምን እንደሆነ ለማስረዳት ከፍጥረት ትጀምራለህ?»

«ለተማሪ ነው።»

«ተማሪው እስኪጨርሰው ይመረቃል።»

«አንቺ ደግሞ ያልገባሽን ሁሉ ረዘመ ትያለሽ።»

እንደገና ጀመሩ። ሱቁን ለሠራተኛው ትቼ ወደ መስጊድ ሄድኩ። ጀመዓው አምልጦኝ ነበር፣ ለብቻዬ ሰገድኩ።

ስመለስ ተስማምተው ነበር፤ ተስማምተውም ይጯጯሃሉ። ለሁሉም የሚሆነው መመሪያ ፎልደሩ ውስጥ አንድ ፋይል ላይ ይቀመጣል፣ እሱ ድሮ እንዳለው። አንድ ፋይል ለብቻው ወደ ሌላ ሰው ሲላክ ደግሞ ኤዲተሩ ራሱ መመሪያውን ግርጌው ላይ ይለጥፍለታል፣ ያለ ወረቀት እንዳይሄድ፤ ይህ የእሷ ነው። ራስጌው ላይ አንድ አጭር የአማርኛ ዐረፍተ ነገር ብቻ ይኖራል፦ ይህ ፋይል ምን እንደሚሠራ። የሚያይም አይቶ፣ የሚሰማም ሰምቶ የማን ቤት እንደገባ ያውቃል። ማብራሪያው ግን ከሁለት መስመር እንዳይበልጥ ተፈረደ። እሱ ሦስት ይሁን ብሎ ለመነ፣ አልተፈቀደለትም።

«ርቀቱን በፊደል እንዲቆጥር የምታደርገው አንተ ነህ» አለችው ቦርሳዋን እያነሳች። «አሥራ አንዱንም ታቃናለህ። ለቅዳሜ።»

«መልኩን አላይም አልኩሽ እኮ።»

«ታዲያ የመስመሩን መግቢያ ቆጥሮ የሚነግርህ ነገር ጻፍ። ፕሮግራም ጸሐፊ አይደለህ?» ደረጃው ላይ ስትደርስ ዞር አለች። «ለሌሎቹስ ማን ይንገራቸው? እኔ ልጻፍ?»

ጣቱን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ወዲያና ወዲህ አመላለሰ።

«እኔ እጽፋለሁ» አለ።

ዓርብ ጧት ጻፈው። አጭር ነበር፣ ማብራሪያ የለበትም። የምሠራው በጆሮ ነው፤ ስለዚህ የየፋይሉ የመጀመሪያ መስመር ዐረፍተ ነገር ይሁን፤ መመሪያው ወደ አንድ ቦታ ይሂድ፤ ኤዲተሩ የሚፈልግበት ርቀት ይህን ያህል ፊደል ይሁን። ከላከው በኋላ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ጁምዓ ደርሶ ሱቁን መዝጋት ነበረብኝ፤ «ቤትህ ላድርስህ» ብለው «እዚሁ ቆልፍብኝ» አለኝ። ቆለፍኩበት።

ስመለስ ሦስት መልስ መጥቶለታል። ሁለቱን ነገረኝ እንጂ አላሰማኝም፤ አይዞህ የሚሉ ናቸው፣ ጤናውን የሚመኙ። ሲነግረኝ ድምፁ ያኔ ታክሲ ውስጥ እንደነበረው ሆነ። ሦስተኛው ከድሬዳዋ ነው፣ በዓይን ከማናውቀው ሰው። የጆሮ ማዳመጫዋን ነቀለና ድምፁን ወደ ክፍሉ ለቀቀው። ያ አፍንጫ የሌለው አማርኛ፣ ቁጣም ሐዘንም የማያውቀው፣ እያነጠበ ማንበብ ጀመረ። ሐሳብህ በሦስት ነገር ስህተት ነው ይላል። አንደኛ፣ የጋራ መመሪያ ፋይሉ ከጠፋ ሁሉም አብሮ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ሰነፎች ባዶ ይተዉታል፤ ኤዲተሩ እንዲያስገድዳቸው ለምን አላሰብክም? ሦስተኛ፣ የርቀቱን ቁጥር ተሳስተሃልና እንደገና አስላ፤ በጆሮ እሠራለሁ ማለትህ ለዚህ ምክንያት አይሆንልህም።

ጨርቅ የምትሸጠው ሱማሌ ጎረቤቴ በር ላይ ቆማ፣ ቃሉ ባይገባትም አነጋገሩን ሰምታ፣ ማን ነው የሚቆጣው ብላ ጠየቀችኝ። ሥራ ላይ ናቸው አልኳት።

እሱ ከመጀመሪያው አስደገመውና ኪቦርዱን ወደ ራሱ ሳበ። «ሁለተኛው ላይ እውነት አለው» አለ። «ሦስተኛው ላይ ግን ይሄ ሰውየ ምንም አያውቅም።» ከዚያ ሊመልስለት ጎንበስ ብሎ መጻፍ ጀመረ፤ ከሁለት መስመር በላይ እንደሚሆን ከመጀመሪያው ያስታውቅ ነበር።